በዋታውጋ ወንዝ ዳር የቆሙ ቤቶችና የመሬታቸው ውል

በሰሜን አሜሪካ በምሥራቅ በኩል አፓላችያ የሚባል ረጅም የተራራ ሰንሰለት ከሰሜን ምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። በዚህ ተራራ ምዕራባዊ ግርጌ፥ በቴኔሲ ግዛት በሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን፥ ካርተር የሚባል አንድ የባላገር አውራጃ ይገኛል። ዋና ከተማው ኤሊዛቤተን ሲሆን ዋታውጋና ዶ የሚባሉት ሁለት ወንዞች እዚያው ይገናኛሉ። አገሩ ገደላማና ደን የበዛበት ስለ ሆነ ለእርሻ የሚመች ሰፊ ቦታ የለውም፤ ለም የሆነው በወንዞቹ ዳርና ዳር የተነጠፈው ሜዳ ነው። ስለዚህም ከጥንት ጀምሮ ሰው ሁሉ የተመኘውና የተካሰሰበት ያው ሜዳ ሆነ። ዛሬ በዚያ ላይ ጥቂት አሮጌ ቤቶች ቆመው ይታያሉ። እነዚህን ቤቶች ማን ሠራቸው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ በማን መሬት ላይ ተሠሩ ቢባል ግን ነገሩ ይረዝማል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ነጮች ወደዚያ ሸለቆ በወረዱ ጊዜ ያገኙት ሁሉ ደን አልነበረም። በወንዙ ዳር ከብዙ ዘመን በፊት የተመነጠረ ገላጣ መሬት ነበርና «የዋታውጋ የጥንት እርሻ» ብለው ጠሩት። ስሙ ራሱ ምስክር ነው፤ እርሻ ካለ ያረሰ ሰው ነበረ ማለት ነውና። በዚያ ዘመን አገሩ የእኔ ነው ይል የነበረው የቼሮኪ ሕዝብ ሲሆን ከተሞቹ ግን ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ርቀው በትንሹ ቴኔሲ ወንዝ ዳር ነበሩ። ከእነዚህም ዋናይቱ ቾታ፥ ጎረቤቷም ታናሲ ትባል ነበር፤ ግዛቲቱ ቴኔሲ የተባለችው በዚህች በታናሲ ስም ነው። የዋታውጋን ሸለቆ ቼሮኪዎች ይፈልጉት የነበረው ለአደን ነው። መንደር ያልቆመበት መሬት ባለቤት የለውም ብሎ ማሰብ ለሰፋሪው ቀላል ነበረ፤ ለአዳኙ ግን ያ ዱር ጎተራው ነበር።

የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ 3ኛ በ1763 ባወጣው አዋጅ ከተራራው ጫፍ ወዲያ ማንም የእርሱ ዜጋ እንዳይሰፍር ከልክሎ ነበር። አዋጁ የወጣው ለቼሮኪዎች በማዘን ብቻ አይደለም፤ ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው ጦርነት ገና ማለቁ ስለ ነበረና መንግሥቱም በዕዳ ስለ ተጨነቀ፥ በየድንበሩ ሌላ ውጊያ እንዳይነሣበት ፈርቶ ነው። ዳሩ ግን ያን ሁሉ ተራራ የሚጠብቅ ወታደር አልነበረምና አዋጁ በወረቀት ላይ ቀረ። በ1769 ዊልያም ቢን የሚባል የቨርጂኒያ ሰው ቤተ ሰቡን ይዞ መጥቶ ወደ ዋታውጋ በሚገባ በአንድ ጅረት ዳር የግንድ ቤት ሠራ። በማግሥቱ ዓመት ጄምስ ሮበርትሰን ከሰሜን ካሮላይና ተራራውን ተሻግሮ አገሩን አየ፥ ወደደውም፤ ተመልሶም ዘመዶቹንና ጎረቤቶቹን አስከትሎ መጣ። በ1771 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ግብር የበዛባቸውና የሹማምንት ግፍ ያስመረራቸው ገበሬዎች በአላማንስ ጦርነት ድል በሆኑ ጊዜ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወደዚያው ተሰደዱ።

እነዚህ ሰዎች የሠሩት ቤት ምን ይመስል እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቤቱ የሰዎቹን አሳብ ይናገራልና። ደኑ ዋርካ የሚያህል ዛፍ የሞላበት ነበር። ሰፋሪው በመጥረቢያ ቈርጦ የጣለውን የዋርሳ፥ የደረት ነትና የፖፕላር ግንድ በሁለት ወገን ጠርቦ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ከዚያም ጫፍና ጫፉን ቦርቡሮ አንዱ ግንድ ሌላውን እንዲነክሰው አድርጎ በአራት ማዕዘን ይደረድረዋል። ማዕዘኑ ከተናከሰ ምስማር አያስፈልገውም፤ ብረት ደግሞ በዚያ ቦታ እንደ ወርቅ የተወደደ ነበር። በግንድና በግንድ መካከል ያለው ክፍተት በእንጨት ስንጣሪና በጭቃ ይመረጋል፤ ጣሪያው በተሰነጠቀ ሳንቃ ይከደናል፤ ምድጃውና የጭሱ መውጫ ከወንዝ በተለቀመ ድንጋይ ይካባል። ብዙውን ጊዜ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነበረው፤ ልጆች ሲበዙ አጠገቡ ሁለተኛ ክፍል ይሠራና በመካከላቸው ነፋስ የሚያልፍበት መተላለፊያ ትተው ሁለቱን ባንድ ጣሪያ ይሸፍኗቸዋል። እንዲህ ያለው ቤት ጎረቤት ከረዳ በጥቂት ቀን ይቆማል፤ ስለዚህ ትቶት ለመሄድም አያሳዝንም። ብዙዎቹ እንደዚሁ እየተዉ ወደ ምዕራብ አልፈዋል። የሸለቆው የመጀመሪያ ቤቶች አብዛኛዎቹ ዛሬ የማይገኙበት ምክንያት ከፊሉ ይኸው ነው።

ነገሩ የከፋው የድንበሩ መስመር በተለካ ጊዜ ነው። በቨርጂኒያ ወሰን ውስጥ ነን ብለው ያምኑ የነበሩት ሰዎች በቼሮኪ መሬት ላይ መስፈራቸው በ1771 ታወቀ፤ የንጉሡ ወኪል አሌክሳንደር ካሜሮንም ልቀቁ ብሎ አዘዛቸው። ሰፋሪዎቹ ግን እህል ዘርተዋል፥ ቤት ሠርተዋል፥ ሙታናቸውንም ቀብረዋል። መክረውም አንድ ብልሃት አገኙ። ሕጉ ግለሰብ ከቼሮኪዎች መሬት እንዳይገዛ ይከለክላል እንጂ መከራየትን አልጠቀሰም ብለው ተረጐሙት። ስለዚህ በ1772 መልእክተኞች ወደ ቼሮኪ አለቆች ልከው የዋታውጋን ሸለቆ ለ10 ዓመት ተከራዩ፤ ዋጋውንም በዕቃ ከፈሉ። ይህ ነገር በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ነገር ግን ኪራይ ማለት የሰውየውን ባለቤትነት ማመን ነው። በዚያች ቀን የዋታውጋ ሰዎች መሬቱ የማን እንደ ሆነ በገዛ እጃቸው መስክረዋል።

በዚያው ዓመት የሚገዛቸው መንግሥት ስላልነበረ ራሳቸው ሸንጎ አቆሙ። የቨርጂኒያን ሕግ ምሳሌ አድርገው የስምምነት ጽሑፍ ጻፉ፤ ዳኞችም መረጡ። ስምምነቱ የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቷል፤ ስለ ሸንጎው የሚታወቀው በ1776 ለሰሜን ካሮላይና ካቀረቡት አቤቱታ ነው፤ ከ100 በላይ ሰዎች የፈረሙበት ይህ አቤቱታ እስከ ዛሬ አለ። የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር በ1774 ለበላዮቹ ሲጽፍ እነዚህ ሰዎች ከንጉሡ ሥልጣን ውጭ መንግሥት በማቆማቸው ለቀረው የአሜሪካ ሕዝብ ክፉ ምሳሌ ይሆናሉ ብሎ ነበር፤ ፍርሀቱም ከሁለት ዓመት በኋላ እውነት ሆነ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት ስለ ምዕራቡ አሰፋፈር በጻፈው የታሪክ መጽሐፍ፥ በአሜሪካ ተወልደው በዚያ ምድር ነፃ ማኅበር ያቆሙ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነዚህ ናቸው ብሎ አመስግኗቸዋል። ምስጋናው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያ ነፃ ማኅበር የቆመው በተከራየው መሬት ላይ ነበር።

ኪራዩ ሦስት ዓመት ሳይዘልቅ ነገሩ ወደ ሽያጭ ተለወጠ። በመጋቢት 1775 ሪቻርድ ሄንደርሰን የሚባል የሰሜን ካሮላይና ዳኛና ባለገንዘብ ኩባንያ አቋቁሞ፥ ሲካሞር ሾልስ በሚባለው በዋታውጋ ወንዝ መሻገሪያ የቼሮኪን ሕዝብ ሰበሰበ። ስፍራው የተሰየመው በወንዙ ዳር በሚበቅለው ዛፍና ውኃው ጥልቀት በሌለው ድንጋያማ መልካ ነው፤ ዛፉ ግን ስሙ ቢመሳሰልም ዘኬዎስ የወጣበት ሾላ አይደለም። ከ1,000 የሚበልጡ ቼሮኪዎች መጡ። ሄንደርሰን የፈለገው ዛሬ አብዛኛው በኬንታኪ፥ ከፊሉም በቴኔሲ ውስጥ ያለውን 80,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ነበር፤ የሚከፍለውም 10,000 ፓውንድ ያወጣል የተባለ ጠመንጃ፥ ልብስና ልዩ ልዩ ዕቃ ነው። ዕቃው ለሰው ሁሉ ሲከፋፈል ለአንድ ሰው የደረሰው እጅግ ጥቂት ሆነ፤ አንድ ቼሮኪ ድርሻው አንዲት ሸሚዝ ብትሆን፥ ይህችንስ በሸጥነው መሬት ላይ በአንድ ቀን አደን አገኛት ነበር ብሎ አጉረመረመ ይባላል።

ሽማግሌዎቹ አታኩላኩላና ኦኮኖስቶታ በውሉ ተስማሙ። አታኩላኩላ በወጣትነቱ በ1730 ለንደን ደርሶ የእንግሊዝን ብዛትና ኃይል ያየ ሰው ነበርና መዋጋት እንደማያዋጣ ያምን ነበር። የገዛ ልጁ ጺዩ ጋንሲኒ ግን፥ ነጮች «ታንኳ ጐታች» የሚሉት፥ በጉባኤው መካከል ተነሥቶ ተቃወመ። ነጮች በያዙት እንደማይበቃቸው፥ ከዚህ ወዲያም ሌላ እንደሚጠይቁ፥ የሚገዙትም ምድር ጨለማና በደም የተበከለ እንደሚሆን ተናግሮ ወጣ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ግን መጋቢት 17 ቀን ውሉን ፈረሙ። ሁለት ቀን ቆይቶ፥ መጋቢት 19፥ የዋታውጋ ሰዎችም ተራቸውን ጠብቀው የተከራዩትን መሬት በ2,000 ፓውንድ ገዙ፤ ስለ ሁሉም ሆኖ የተዋዋለው ቻርልስ ሮበርትሰን ነው። ተከራዩ ባለ ርስት ሆነ። የሄንደርሰንን ግዢ ቨርጂኒያና ሰሜን ካሮላይና ቈይተው ሕገ ወጥ ነው ብለው ሻሩት። መሬቱ ግን ለቼሮኪዎች አልተመለሰም፤ የሻሩት መንግሥታት ራሳቸው ወሰዱት እንጂ።

በዋታውጋ ዳር ከቆሙት ቤቶች ሁሉ ስመ ጥሩው የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ጆን ካርተር ከቨርጂኒያ የመጣ ሰው ሲሆን አስቀድሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ባለ ሸለቆ ከባልንጀራው ጋር መደብር ነበረው። መደብሩ በተዘረፈ ጊዜ ጉዳቱን አልረሳም፤ በ1775ቱ ጉባኤ ቼሮኪዎች ዕቃውን በመሬት እንዲክሱት ጠይቆ ተፈቀደለት። የዋታውጋ ሸንጎ አለቃም እርሱ ነበር። በ1775ና በ1780 መካከል ከልጁ ከላንደን ጋር የሠራው ቤት በኤሊዛቤተን ዳር ዛሬም ቆሟል፤ በቴኔሲ ካሉት በግንድ ሳይሆን በተሰነጠቀ እንጨት ተዋቅረው ከተሠሩት ቤቶች የሁሉ ታላቅ ነው ይባላል።

ከውጭ ሲታይ ቤቱ ሰው አያስደንቅም። ነጭ ሳንቃ የለበሰ፥ ከግራና ከቀኝ የጭስ መውጫ የተካበለት፥ ፎቅ ያለው ልከኛ ቤት ነው። ወደ ውስጥ የገባ ግን ሌላ ነገር ያያል። የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ በተጠረበና በተቀረጸ ሳንቃ ተሸፍኗል፤ ከምድጃው ግራና ቀኝ ጠፍጣፋ ዓምዶች ተቀርጸዋል፤ በጣሪያውና በግድግዳው መጋጠሚያ ጉልላት መሳይ ክፈፍ ዞሯል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርሙት በሁለት ምድጃዎች አናት ላይ በቀለም የተሣሉት መልክዐ ምድሮች ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ በጭቃ በተመረገ ባለ አንድ ክፍል ቤት ሲኖር፥ ባሩድና ጨው ተራራውን በአጋሰስ ተሻግረው ሲመጡ፥ ካርተር ሠዓሊና አናጢ አስመጥቶ የቨርጂኒያ ባላባት ቤት በጫካ መካከል አቆመ። ይህ ለምቾት ብቻ የተደረገ አይመስልም። የግንድ ቤት የሠራ ነገ ሊሄድ ይችላል፤ ሳንቃ ያስቀረጸና ምድጃው ላይ ሥዕል ያስሣለ ግን ከዚህ የሚያነሣኝ የለም ማለቱ ነው። የሽያጩ ውል ቀለሙ ሳይደርቅ ይህን ቤት መጀመሩ ራሱ ሁለተኛ ፊርማ ነበር።

ሥራውን የሠሩት ካርተሮች ብቻ እንዳልነበሩ ደግሞ ልብ ይሏል። ካርተሮች ባሪያዎች ነበሯቸው፤ መሬቱን ያረሰው፥ እንጨቱን የፈለጠው፥ ምድጃውን ያነደደው እጅ ከፊሉ የእነዚህ ስማቸው በቤቱ ላይ ያልተጻፈ ጥቁሮች እጅ ነበር። በ1795 በዚያ አገር ሁሉ በተደረገው ቈጠራ ከ77,262 ነፍስ መካከል 10,613ቱ በባርነት የተያዙ ነበሩ።

ታንኳ ጐታች የተናገረውን ለመፈጸም አልዘገየም። በሐምሌ 1776 ቼሮኪዎች በሦስት ወገን ዘመቱ፤ አንደኛው ጭፍራ በሲካሞር ሾልስ አጠገብ የነበረውን ምሽግ ከበበ። ከበባው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ምሽጉ ሳይያዝ ቀረ። ሰፋሪዎቹ ተዘጋጅተው የጠበቁት ስለ ተነገራቸው ነው፤ የነገረቻቸውም የአታኩላኩላ የእኅት ልጅ ናንየሂ፥ ነጮች ናንሲ ዋርድ የሚሏት፥ በሕዝቧ ዘንድ በሸንጎ የመናገርና ምርኮኛን ከሞት የማዳን ሥልጣን ያላት ሴት ናት። በዚያው ዘመቻ የመጀመሪያው ሰፋሪ የዊልያም ቢን ሚስት ሊድያ ተማርካ ልትቃጠል ከእንጨት ጋር ከታሰረች በኋላ ናንየሂ በሥልጣኗ አስፈታቻት፤ በቤቷም አስቀመጠቻት። ምርኮኛይቱ በዚያ ስትኖር ሽመናና ቅቤ ማውጣት አስተማረቻት ይባላል። ከሁለት ወገን ጠመንጃ መካከል የተገኙ እነዚህ ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት ተቀምጠው ስለ ወተትና ስለ ፈትል ተነጋገሩ፤ በዋታውጋ ታሪክ ውስጥ መሬት ያልተጠየቀበት ጨዋታ ከዚህ ሌላ ብዙ አይገኝም።

የዘመቻው ዋጋ ለቼሮኪዎች ከባድ ሆነ። በዚያው መከር የቨርጂኒያ ጦር ከተሞቻቸው ድረስ ዘልቆ አንዳንዶቹን አቃጠለ፤ በ1777ም በሆልስተን ወንዝ ደሴት ላይ በተደረገ ሌላ ውል የዋታውጋን አገር ለዘለቄታው ለቀቁ። ታንኳ ጐታች ውሉን አልቀበልም ብሎ ተከታዮቹን ይዞ ወደ ቺካማውጋ ወረደ፤ በ1792 እስኪሞት ድረስም ተዋጋ። የ1772ቱ ኪራይ እንደ ቃሉ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ በ1782 መሬቱ ለባለቤቱ በተመለሰ ነበር። ያ ዓመት ሲደርስ ግን ያን ውል የሚያነሣ ሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው የጦር ታሪክ ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ በአጭሩ ይበቃል። መስከረም 25 ቀን 1780 ተራራውን ተሻግረው የእንግሊዝን ንጉሥ ደጋፊዎች ሊወጉ የተነሡ 1,000 ያህል ሰዎች በሲካሞር ሾልስ ተሰበሰቡ። ሜሪ ፓተን የምትባል ባሩድ ሠሪ ሴት 500 ፓውንድ የሚመዝን ባሩድ አቀረበች፤ ቄስ ሳሙኤል ዶክ የጌዴዎንን ነገር አንሥቶ ሰበከላቸው ይባላል። ጥቅምት 7 ቀን በኪንግስ ማውንቴን ተዋግተው በአንድ ሰዓት ያህል ድል አደረጉ። ጆን ካርተር በማግሥቱ ዓመት ሞተ። ልጁ ላንደን የአገሩ ሰዎች በ1784 ፍራንክሊን ብለው ባቆሙት፥ አራት ዓመት ብቻ በኖረው ግዛት ውስጥ ሹም ነበረ። በ1796 ቴኔሲ ከኅብረቱ ግዛቶች 16ኛዋ ስትሆን በዚያው ዓመት የተመሠረተው አውራጃ በላንደን ስም ካርተር ተባለ፤ ከተማውም በሚስቱ በኤልሳቤጥ ስም ተጠራ። የባልና የሚስቱ ስም እንዲህ በካርታ ላይ ሲጻፍ ታናሲ የግዛቲቱ ስም ሆና ቀረች፤ ሕዝቧ ግን ወደ ደቡብ እየተገፋ ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ ቤት ሴባይን ሂል የሚባለው ሲሆን በ1818 ገደማ ተሠራ። የሠራችው የጄኔራል ናትናኤል ቴይለር መበለት ናት፤ ባሏ በ1816 ከሞተ በኋላ ቤቱን እርሷ አስፈጸመች። ይህ ቤት ከኮረብታ ላይ ሆኖ ሲካሞር ሾልስን ቁልቁል ይመለከታል፤ ሁለት ፎቅ ያለው፥ መስኮቶቹ በልክ የተደረደሩ፥ ምድጃዎቹ በረቀቀ ቅርጽ ያጌጡ ነው። በ1775 ቼሮኪዎች በተሰበሰቡበት ሜዳ አጠገብ የዚህ ቤተ ሰብ ልጆች አደጉ። ናንየሂ በዚያ ጊዜ ገና በሕይወት ነበረች። በ1817 የሕዝቧ ሴቶች ለሸንጎው ባቀረቡት አቤቱታ ከእንግዲህ መሬት አትሽጡ ብለው ሲለምኑ ከእነርሱ ጋር ቃሏን ሰጠች፤ በ1822 ሞተች። በ1838 የአሜሪካ መንግሥት ቼሮኪዎችን በወታደር ሰብስቦ ከሚሲሲፒ ማዶ አሻገራቸው፤ ከ16,000 ያህሉ 4,000 ያህል በመጠለያና በመንገድ እንደ ሞቱ ይገመታል።

የቴይለር ቤተ ሰብ ነገር እዚህ ላይ አንድ እንግዳ እጥፋት አለው። የጄኔራሉ የልጅ ልጅ ናትናኤል ግሪን ቴይለር፥ የሜቶዲስት ሰባኪና የምክር ቤት አባል የነበረው፥ ከ1867 እስከ 1869 የአሜሪካ ሕንዶች ጉዳይ ኮሚሽነር ሆኖ ተሾመ። በሜዲስን ሎጅና በፎርት ላራሚ የምዕራቡ ሜዳ ነገዶች መሬታቸውን የለቀቁባቸው ውሎች ሲፈረሙ የሰላሙን ጉባኤ የመራው እርሱ ነው። የልብ ሰው ነበረ፥ ከጦር ይልቅ ምክርን ይወድ ነበር ይሉታል፤ ነገር ግን ከዋታውጋ ወንዝ ዳር ተነሥቶ ያደረገው ሥራ ያው በዋታውጋ የተጀመረው ሥራ ነበር። ልጆቹ ሮበርትና አልፍሬድ በ1886 ለቴኔሲ አገረ ገዥነት ወንድም ከወንድሙ ሆነው ተወዳድረዋል፤ ታናሹ ሮበርት አሸነፈ፥ አልፍሬድም ከ34 ዓመት በኋላ በተራው ተመረጠ።

በሰሜንና በደቡብ ጦርነት ጊዜ ካርተር አውራጃ ከግዛቲቱ ተለይቶ ቆመ። ሰኔ 8 ቀን 1861 ሕዝቡ ከኅብረቱ እንገንጠል ወይስ አንገንጠል ተብሎ ሲጠየቅ፥ በአውራጃው 86 ሰዎች ብቻ እንገንጠል ሲሉ 1,343 ሰዎች አይሆንም አሉ። ምክንያቱ ከቤቶቹም ይታያል። የካርተርና የቴይለርን የመሰለ ቤት በጣት የሚቈጠር ነበር፤ የቀረው በትንሽ መሬት ላይ በግንድ ቤት የሚኖር፥ ባሪያም የሌለው ገበሬ ነበርና ለባሪያ ጌቶች ሊሞት አልፈለገም። በዚያው ዓመት ኅዳር የአውራጃው ሰዎች የደቡብን ጦር ባቡር ለማሰናከል ድልድይ አቃጠሉ፤ መሪያቸው ዳንኤል ስቶቨር የአንድሩ ጆንሰን አማች ነበር። ጆንሰን ራሱ ፕሬዚዳንት ሆኖ ከወረደ በኋላ በሐምሌ 1875 የሞተው በዚሁ አውራጃ በሴት ልጁ እርሻ ነው።

በ1882 የዶ ወንዝ ጣሪያ ያለው የእንጨት ድልድይ በ3,000 ብር፥ ማለት በአሜሪካ ዶላር፥ ተሠራ፤ 134 ጫማ ይረዝማል። በ1901 ታላቅ ጎርፍ ሌሎቹን ድልድዮች ሲወስድ እርሱ ሳይነቃነቅ ቀረ፥ እስከ ዛሬም አለ። በዚያው በ1882 ጠባቡ ባቡር ወደ ክራንበሪ የብረት ማዕድን ሲደርስ የከተማው ነጋዴዎች በወንዙ ዳር አዳዲስ ቤት ሠሩ። በ1926ና በ1928 ደግሞ የጀርመን ኩባንያዎች ሰው ሠራሽ ሐር የሚሠሩ ሁለት ፋብሪካዎች አቆሙ፤ ከተራራው የግንድ ቤቶች የወረዱ ልጃገረዶች ደመወዛቸው አነሰ ብለው በመጋቢት 1929 ሥራ ባቆሙ ጊዜ ወታደር ተላከባቸው። ይህ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ታሪክ ነው።

የመሬቱ ነገር ግን አላለቀም። በሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ባለ ርስቱ ራሱ ተነሣ ተባለ። የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጎርፍን ለመግታትና የኤሌክትሪክ ኃይል ለማውጣት በዋታውጋ ወንዝ ላይ ግድብ ጀመረ፤ በጦርነቱ ምክንያት ቆሞ እንደ ገና ከተያዘ በኋላ በታኅሣሥ 1948 የግድቡ በር ተዘጋ። ከ700 የሚበልጡ ቤተ ሰቦች ተነሡ፤ ከ1,200 የሚበልጡ መቃብሮች ተቈፍረው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። በጎረቤት አውራጃ የነበረችው በትለር የምትባለው ከተማ በሙሉ በውኃው ተዋጠች። መንግሥት ዋጋ ከፍሏል፤ ነገር ግን ዋጋውን የሚቈርጠው ገዢው ሲሆን ሻጩም አልሸጥም ለማለት አይችልም ነበር። አንዳንዶቹ ቤታቸውን ለመተው አልሆንላቸው ብሎ ከመሠረቱ አስነሥተው በከባድ መኪና ጭነው ወደ ደረቁ ምድር ወሰዱት። አያቶቻቸው ግንዱን ቦርቡረው ያናከሱት ቤት ያለ መሬቱ መንገድ ለመንገድ ሲጓዝ ታየ።

የካርተር ቤት ከግድቡ በታች ስለ ነበረ ተረፈ። የቴኔሲ ግዛት በ1973 ወሰደው፤ ተጠግኖም ለሕዝብ ተከፈተ። ከውስጥ ሥራው አብዛኛው የመጀመሪያው ነው፤ በምድጃዎቹ አናት ያሉት ሥዕሎችም አሉ። ሴባይን ሂልም ሊፈርስ ደርሶ ሳለ ግዛቱ ገዝቶ በዚህ በያዝነው ምእት ዓመት አደሰው። ሁለቱም ቤቶች ዛሬ የሲካሞር ሾልስ ታሪካዊ መናፈሻ ክፍል ሆነው በአስጐብኚ ይታያሉ።

ያው መሥሪያ ቤት በ1979 በትንሹ ቴኔሲ ወንዝ ላይ የቴሊኮን ግድብ ዘጋ። ውኃው የሸፈነው የ1772ቱ ኪራይ የተፈቀደባቸውን የቼሮኪ ከተሞች ምድር ነበር፤ ታናሲ ከሐይቁ በታች ናት። በቾታ ግን የሸንጎው ቤት የነበረበት ስፍራ ላይ አፈር ተከምሮ ከውኃው በላይ ከፍ እንዲል ተደረገ፤ ለሰባቱ ጎሣዎችና ለሕዝቡ በጠቅላላው መታሰቢያ ስምንት ዓምዶች ቆሙበት። ግድቡ ከመዘጋቱ በፊት ሊቃውንት ቦታውን ሲቈፍሩ የአንድ ሽማግሌ መቃብር አግኝተው ነበር። በአጠገቡ በተገኘው መነጽር የ1775ቱን ውል የፈረመው ኦኮኖስቶታ መሆኑን ለዩት፤ ኋላም አጥንቱ ተመልሶ በዚያው በዓምዶቹ አጠገብ ተቀበረ።